የአባ ኤሊ ጥላና የአያ ቁራ ደሞዝ

ተረት ላወራችሁ ነው። የሚሰማ ጠጋ ይበል፤ እንቅልፍ የመጣበትም ይተኛ፣ ብቻ እንዳያንኮራፋ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ወርካ ነበረ። ከወርካው ወዲህ ገደል፣ ከወርካው ወዲያ የገበያ ሜዳ፣ ከሜዳው ባሻገር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበረ። በዚያ አገር ክንፍ የሌለው ክንፍ ያለውን እየለመነ ይጓዝ ነበር። አይጥ ገበያ ስትወጣ ቁራ ጀርባ ላይ ትሳፈራለች። እንቁራሪት ባሕር ማዶ ያገባች እኅቷን ልትጠይቅ ስትፈልግ ሽመላን ትለምናለች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጉርብትና ነበር። ተሳፋሪው ሲበዛ ግን ወፎቹ ተሰብስበው የክንፍ ማኅበር የሚባል ነገር አቋቋሙ። ማኅበር ካለ ደግሞ አለቃ አይቀርምና ሰጎንን አለቃ አድርገው መረጡ።

ሰጎን በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ከመሬት ተነሥታ አታውቅም። የተመረጠችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ግማሾቹ ወፎች ሰማይ ላይ ናቸው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ትገኛለች። ደግሞም ቁመቷ ያምራል። ከወርካው ሥር ቆማ አንገቷን ስትመዝ ሁሉም ቀና ብሎ ያያታል፤ ቀና ተብሎ የሚታይ ነገር ደግሞ አለቃ ይመስላል።

ከማኅበሩ በራሪዎች አንዱ አያ ቁራ ነበር። የአያ ቁራ መንገድ ቅርብ ለቅርብ ነው። ከወርካው ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ከገደሉ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ተመልሶ ወደ ወርካው። በቀን ሰባት ጊዜ ይነሣል፤ ሰባት ጊዜ ያርፋል። ገደሉ ላይ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ገበያው ላይ አቧራው ዓይኑን ያጠፋዋል፤ ወርካው ላይ ደግሞ ጦጣ ተቀምጣበት የማታውቀውን ቅርንጫፍ መርጦ ማረፍ አለበት። ሰማዩ መሀል መሆን ለአያ ቁራ ዕረፍት ነበር። ችግሩ ከመሬት ሲለቅና መሬት ሲነካ ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ መልቀቅና መንካት ብቻ ነበር።

ደሞዙ ማሽላ ነው። አከፋፈሉ ደግሞ በጥላ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል። በራሪው ሲነሣ ጥላ ለኪው ከወርካው ግንድ ጀምሮ እስከ ጥላው ጫፍ በእግሩ እየለካ ይሄዳል። በራሪው ሲመለስ ደግሞ እንደገና ከግንዱ ጀምሮ ይለካል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ያ ወፍ አየር ላይ የቆየበት ጊዜ ነው፤ የሚከፈለውም በዚያ ልክ ነው። የሕጉ ብልህነት አይካድም። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ ጥላ ለኪው ኤሊ ነበር።

አያ ቁራ እማማ አይጥን አዝሎ ገበያ አድርሶ፣ ከገበያ ሦስት ጥንዚዛ ጭኖ ሲመለስ፣ አባ ኤሊን ከግንዱ ጥቂት ርቆ፣ አንገቱን አስግጎ ያገኘዋል።

"ስምንት… ስምንት ነው ወይስ ሰባት?" ይላል አባ ኤሊ ለራሱ።

"አባ ኤሊ፣ ተመለስኩ እኮ!"

"ከየት?"

"ከገበያ ነዋ!"

"ልጄ፣ እኔ ገና መነሻህን ለክቼ አልጨረስኩም። ያልተነሣ ወፍ እንዴት ይመለሳል?"

በዚህ ዓይነት የአያ ቁራ ሰባት ጉዞ ማታ ሲታይ አንድ ጉዞ ይሆናል። በፈጠነ ቁጥር ደሞዙ ያንሳል። አንድ ቀን ነፋስ ከኋላው ሆኖለት ከወትሮው ቀድሞ ጨረሰና ጭራሹን ምንም ሳይከፈለው ዋለ።

የባሕር ማዶው በራሪ ደግሞ ባላምባራስ ሽመላ ነበር። ሽመላ አንዴ ከሄደ አርባ ቀን ይቆያል። ለዚህ አባ ኤሊ ጥላ መለካት አያስፈልገውም፤ ተኝቶ ቀን ይቆጥራል። ሽመላ እዚያ ማዶ በሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚሞቅባቸው ቀኖች ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ።

"እግሩ የኛን መሬት ካልነካ፣ በረራ ላይ ነው ማለት ነው" ይል ነበር አባ ኤሊ።

እንዲህ ሆኖ ሽመላ ለአንድ ጉዞ ስልሳ ስፍር ማሽላ ይከፈለው ነበር። የሩቅ መንገደኞቹ ማሽላ የሚቀመጠው በጭቃ በተመረገ ጎተራ ውስጥ ነው። የቅርቦቹ ግን በቁርበት አቁማዳ ታስሮ ሜዳው ዳር ይሰቀላል።

አያ ቁራ ይህን ሁሉ ዓመታት ችሎ ኖሯል። ባለፈው ክረምት ግን የማይቻል ነገር ደረሰበት። እሱና ሚስቱ ኩሊት ጎጇቸውን የሠሩት አንድ ያረጀ ግራር ላይ ነበር። አንድ ሌሊት ዶፍ ወረደና ጎጆው ከነሦስት እንቁላሉ ተጠርጎ ሐይቁ ገባ። ኩሊት አላለቀሰችም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጎጆው በነበረበት ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። 

ወርካው ግንድ ላይ አንድ ፍልፍል ቀዳዳ አለ። ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ዝናብ የማያገኘው ነው። ማኅበሩ ፍልፍሉን የሚሰጠው ስምንት ስፍር ለከፈለ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ኩሊትም እንቁላል ልትጥል ደርሳለች። በአያ ቁራ አቁማዳ ውስጥ ያለው ሁለት ስፍር ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ባላምባራስ ሽመላ ከማዶ ተመለሰ። አቀባበሉ ሰርግ ይመስል ነበር። ዳክዬዎች እልል አሉ፤ ጅግራዎች ጨፈሩ። ሰጎንም አንገቷን ሁለት ጊዜ ዝቅ ከፍ አድርጋ "እንኳን ደህና መጡ" አለችው። ሽመላ ከማዶ ያመጣትን አንዲት የምታብለጨልጭ ቆርኪ ሰጣት። እሷም አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሳምንቱን ሁሉ ስትንጎራደድ ከረመች።

አያ ቁራ ግርግሩ እስኪያልፍ ጠብቆ ሐይቁ ዳር አገኘውና "ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቆጡኝ" አለው።

"ጠይቅ፣ ምን አለበት።"

"ያን ያህል ባሕር ሲያቋርጡ ክንፍዎ አይዝልም?"

ሽመላ ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርህ? የሚከብደኝ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ሞቃቱ አየር ራሱ ይሸከመኛል። ክንፌን ዘርግቼ አሸልባለሁ። አንዴማ ስነቃ ከመድረሻዬ አልፌ ተገኘሁ። ለማንም እንዳትናገር!"

"ለዚህ ነው ስልሳ ስፍር?"

"ስልሳ ብሎ ነገር!" አለ ሽመላ፣ ድንገት ፊቱ ቅጭም ብሎ። "እዚያ ማዶ ያሉት ሽመላዎች ስንት እንደሚከፈላቸው ብታውቅ! መቶ ሃያ ነው! ያውም ስንዴ! ያውም ሚስቶቻቸው በነፃ እየተሳፈሩ! እኔ በዚህ አገር የተጨቆንኩ ወፍ ነኝ ወንድሜ።" ይህን ብሎ ከልቡ ተከዘ።

አያ ቁራ ወደ ወርካው ሲመለስ ደሙ ፈልቶ ነበር። "ተኝቶ የሚሄደው ስልሳ፣ ነቅቼ የምለፋው ግማሽ ስፍር! እሜቴ ሰጎን ዘንድ አቤት እላለሁ!" እያለ ብቻውን ሲናገር ድምቢጥ ሰማችው።

ድምቢጥ የቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ በራሪ ናት። ጉንዳኖችን ከታችኛው ቅርንጫፍ ወደ ላይኛው ታመላልሳለች። በቀን መቶ ጊዜ ትነሣለች፤ መቶ ጊዜ ታርፋለች። አባ ኤሊ እሷን ለክቶ አያውቅም፤ ጭራሹን መኖሯንም የሚያውቅ አይመስልም። ደሞዟ ሌሎቹ ሲሰፈርላቸው መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ፍሬ ነው።

"አያ ቁራ፣ አቤት ልትል ከሆነ የኔንም ስም ጨምርልኝ" አለችው።

አያ ቁራ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ እንዲያው ገርሞት ነው። "አንቺ እኮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነሽ፣ እኅቴ። ይሄ የበራሪዎች ጉዳይ ነው" አላት።

ድምቢጥም ጉንዳኖቿን ጭና ሄደች።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። አያ ቁራ መሀል ገብቶ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረውን ተናገረ። መብረር ራሱ እንደማይከብድ፣ የሚከብደው መነሣቱና መሬት መንካቱ እንደሆነ፣ እሱ በአንድ ሳምንት የሚነሣውን ያህል ሽመላ በዕድሜው እንዳልተነሣ አስረዳ። ዋኔና ርግብ "እውነት ነው! እውነት ነው!" አሉ። ሽመላ አንድ እግሩን አጥፎ መሬት መሬት ያያል።

ሰጎን ቆርኪዋን አስተካክላ ተናገረች።

"አያ ቁራ፣ ድካምህን እናውቃለን። ነገር ግን ሩቅ የሄደ ብዙ ደከመ፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። መሬት መንካት ይከብዳል ያልከው ደግሞ አልገባኝም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖር አንድ ቀን እንኳ ከሰማይ ወድቄ አላውቅም። ትንሽ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው።"

ጉባኤው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው ጥላው በትክክል ይለካልኝ!" አለ አያ ቁራ።

"እኔ በትክክል ነው የምለካው" አለ አባ ኤሊ ቅር ብሎት። "የምትቸኩለው አንተ ነህ። ለክቼ እስክጨርስ እንዳትቆይ ማን ከለከለህ?"

ሰጎን ዓይኗ በራ። "ይኸው ተፈታ! አያ ቁራ፣ አየር ላይ ቆይ። በቆየህ ልክ ይከፈልሃል። ስብሰባው ተበትኗል።"

አያ ቁራ እየተነጫነጨ ወጣ። ማታ ለኩሊት ሲነግራት ግን እሱ ራሱ ነገሩን ከሌላ ጎን አየው። ቆይ ብለውታል፤ ይቆያላ!

በነጋታው እማማ አይጥ ቅርጫቷን ይዛ ጀርባው ላይ ወጣች። አያ ቁራ ገበያው ላይ ደረሰና፣ ሳያርፍ ዞረ። እንደገና ዞረ። ሦስት፣ አራት፣ ሰባት ጊዜ ዞረ።

"ልጄ፣ ገበያው ታች ነው እኮ!" አለች እማማ አይጥ።

"አውቃለሁ፣ እማማ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ አባ ኤሊ ጥላው ጫፍ አልደረሰም።"

እማማ አይጥ ገበያ ስትደርስ ራሷ ዞሮ፣ የሽንኩርቱን ዋጋ ስትጠይቅ ለሽንኩርቱ እንጂ ለሻጩ አላወራችም። አያ ቁራ ግን ማታ ሙሉ አንድ ስፍር ተሰፈረለት። በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ኩሊት ማሽላውን አይታ ደስ ሲላት አይቶ እሱም ሆዱ ባባ።

ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ዋኔ መዞር ጀመረች፤ ርግብም ጀመረች፤ ጭላትም ጀመረ። ገበያው ሜዳ ላይ ሰማዩ በሚዞሩ ወፎች ተሞላ። የአንድ ሰዓት መንገድ የግማሽ ቀን ሆነ። ተሳፋሪው አንገቱን ይዞ ያስታውካል፤ ወፎቹ ይዞራሉ፤ አባ ኤሊ ተረጋግቶ ይለካል። ሰጎን ጉባኤ ጠርታ "በኔ አመራር ማኅበራችን አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ በሦስት እጥፍ አድጓል" ብላ አስጨበጨበች። የሄደው መንገድ አንድ ጋት እንዳልጨመረ ያነሣ የለም።

አንዲት ብቻ ጥያቄ ጠየቀች። ኩሊት ነበረች። "ይሄ መዞር አላማረኝም። እኛ ስንዞር የሚያይ የለም ወይ?" አለች።

"ማን ያያል?" አለ አያ ቁራ። ሰባት ስፍር ሞልቶለታል። አንድ ብቻ ቀርቶታል።

የሚያይ ግን ነበረ። ከጫካው ባሻገር አያ ጅቦ ዋሻው ደጃፍ ተጋድሞ ሰማዩን ሲመለከት ሦስት ቀኑ ነው። በጅብ ቤት ወፍ በአንድ ቦታ ላይ ከዞረ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ከታች ሥጋ ወድቋል። ይህን ያህል ወፍ፣ ይህን ያህል ቀን ከዞረ ደግሞ፣ ዝሆን ሳይሆን አይቀርም። አያ ጅቦ ዘመድ አዝማዱን ጠራና በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ልማዳቸው፣ መንጋውን ይዞ ወደ ገበያው ገሰገሰ።

ገበያው ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ያየቻቸው ጥንቸል ናት። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ጩኸት፣ አቧራ፣ የተገለበጠ ቅርጫት ብቻ ሆነ። ሰጎን "ተረጋጉ!" ብላ ጮኸችና እግሬ አውጪኝ አለች። ቆርኪዋ ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለች ከዓይን ስትሰወር ገና ጅቦቹ ሜዳውን አልረገጡም። ባላምባራስ ሽመላ ተሳፋሪ ላድን ብሎ ክንፉን ዘረጋ። ነገር ግን እሱ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሜዳው ደግሞ በሚሯሯጥ አውሬ ተጨናንቋል። አንዱን ሲሸሽ ሌላው ላይ ይወድቃል። አባ ኤሊ ከነልኬቱ የጀርባ ድንጋዩ ውስጥ ገባ፤ አንድ ጅብ ሁለት ጊዜ ነክሶት ጥርሱን አሞት ተወው።

አያ ቁራ ያን ጊዜ ከሰማይ ወረደ። ሳይዞር ወረደ። እማማ አይጥን አፈፍ አድርጎ ወርካው ላይ አወጣት። ተመለሰ። ሁለት ጥንዚዛ አወጣ። ተመለሰ። የጥንቸሏን ግልገል፣ እስስቷን፣ እግሯ የተሰበረውን ጅግራ እየለቀመ አወጣ። መነሣትና መንካት፣ መነሣትና መንካት ብቻ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የለመደው ሥራ ስለሆነ ክንፉ ሳይጠየቅ ይታዘዝ ነበር። ስለ ጥላም ስለ ማሽላም ያን ጊዜ አላሰበም። ዋኔና ርግብም ተከተሉት። ድምቢጥም ከታች፣ ከጅቦቹ እግር ሥር፣ ጉንዳኖቿን አንድ አንድ እያለች ስታነሣ የነበረች ይመስለዋል፤ በግርግሩ ልብ ብሎ አላያትም።

ሜዳው ባዶ ሲሆን አያ ጅቦ ዞር ዞር ብሎ አሸተተና ወደ ወርካው ቀና አለ።

"ሥጋው የታለ?"

"ሥጋ የለም" አለ አያ ቁራ እያለከለከ።

"ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ላይ ነው የምትዞሩት?"

"ደሞዝ ላይ ነው።"

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበበት። ከዚያ ሳቀ። መንጋው ሁሉ ሳቀ። መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍላቸው ረሃባቸው መጣና ዓይናቸው ሜዳው ዳር በተሰቀሉት አቁማዳዎች ላይ አረፈ። ጅብ ማሽላ አይበላም፤ ቁርበት ግን ይወዳል። አቁማዳዎቹን አንድ በአንድ አውርደው በሉ። ማሽላው አቧራው ላይ ፈሰሰ። የጭቃው ጎተራ ግን አልተነካም።

የዚያኑ ዕለት ማታ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደና የፈሰሰውን ማሽላ ጠራርጎ ሐይቁ ከተተው። አያ ቁራ ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ሰባት ስፍሩ በጎርፍ ሲሄድ አየ። ኩሊትም ከጎኑ ሆና አየችው። 

ሰጎን በሦስተኛው ቀን ተመለሰችና ጉባኤ ተቀመጠ። አባ ኤሊ መዝገቡን አነበበ። አያ ቁራ በአደጋው ቀን ሃያ ሦስት ጊዜ መመላለሱን ምስክሮች ቢናገሩም፣ ጥላ ለኪው የመጀመሪያውን መነሻ ለክቶ ባለመጨረሱ አንድም ጉዞ አልተመዘገበም። ባላምባራስ ሽመላ ባይነሣም፣ ለመነሣት ተዘጋጅቶ በመቆየቱ አምስት ስፍር ተፈቀደለት። ከሁሉ የራቀችው ደግሞ እሜቴ ሰጎን ስለሆነች፣ ያውም በሩጫዋ መካከል ሁለት እግሮቿ አልፎ አልፎ ከመሬት እንደሚለቁ ስለተረጋገጠ፣ የሩቅ መንገድ ደሞዝ እንዲከፈላት ተወሰነ። ጭብጨባ ሆነ።

ሽመላ ግን አፍሮ ነበር። ከስብሰባው በኋላ አያ ቁራን ጠርቶ "እኔ ነገ ወደ ማዶ ተነሺ ነኝ። ቤቴ ወርካው አናት ላይ ባዶውን ነው የሚከርመው። ከሚስትህ ጋር ግቡበት" አለው።

አያ ቁራ ዓመታት ሙሉ በቅናት ያየው ቤት ነው። በነጋታው ኩሊትን ይዞ ገባ። ሰፊ ነው፤ ከፍ ያለ ነው፤ አገሩን ሁሉ ያሳያል። ጣሪያ ብቻ የለውም። ሽመላ ዝናብ ሲመጣ አገር ውስጥ ኖሮ ስለማያውቅ ጣሪያ አስቦ አያውቅም።

ኩሊት በዚያው ቀን አራት እንቁላል ጣለች። ዝናቡም መጣ። አያ ቁራ ሌላ ዘዴ ስላልነበረው ክንፎቹን ዘርግቶ እላይዋ ላይ ቆመ። ጣሪያው እሱ ሆነ። አንድ ቀን ሆነ፣ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ከላይ ዶፉ ይወርድበታል፤ ከሥሩ ኩሊት ትሞቃለች። ቢንቀሳቀስ እንቁላሎቹ ይረጥባሉ። በረሃብ እንዳያልቁ ምግብ የምታመላልስላቸው ድምቢጥ ነበረች። በአንድ ጊዜ አንድ ትል ነው የምትችለው፤ ስለዚህ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ፣ በዝናብ መሀል ትመላለሳለች። ማንም አላዘዛትም። ኩሊት ባየቻት ቁጥር "ተባረኪ" ትላታለች፤ አያ ቁራም ክንፉ ዝሎ ባይናገርም ራሱን ይነቀንቃል።

በአርባኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። አራቱም ጫጩቶች ተፈልፍለው፣ ክንፋቸው ጥቁር ጥቁር ብሎ፣ አፋቸውን ከፍተው ይጮኹ ነበር። አያ ቁራ ክንፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበሰበ። ልጆቹን አያቸውና አለቀሰ፤ አልደበቀውምም።

ከታች ድምፅ ሰማ። አባ ኤሊ ነው፤ ከጎኑ ሰጎን ቆማለች፤ ከፊታቸው ስልሳ ስፍር ማሽላ ተሰፍሯል።

"አያ ቁራ!" አለ አባ ኤሊ ደስ ብሎት። "ያን ቀን ወደ ላይ ስትወጣ አይቼህ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ቀን ሙሉ እግርህ መሬት አልነካም። ክንፍህም ተዘርግቶ ነው የከረመው። ተኝቼ ነው የቆጠርኩልህ!"

"ሩቅ የሄደ ብዙ ደከመ" አለች ሰጎን። "የሩቅ መንገደኛ ሆነሃል፤ እንኳን ደህና መጣህ።"

አያ ቁራ "እኔ እኮ የትም አልሄድኩም" ሊል አፉን ከፈተ። ስልሳውን ስፍር አየ። የልጆቹን የተከፈተ አፍ አየ። አፉን መልሶ ገጠመ። ማሽላው ወደ ላይ ሲወጣለት፣ ደረቱ ሳያስበው ነፋ ነፋ አለ።

ድምቢጥ ትሏን በአፏ ይዛ፣ ላባዋ በዝናቡ ተጣብቆ ደረሰች። ትሏን ለጫጩቶቹ ሰጥታ ማሽላውን አየችው።

"አያ ቁራ፣ አሁን የሚሰሙህ ከሆነ፣ የኔንስ ጉዞ አባ ኤሊ ይቆጥርልኝ ይሆን?"

"አንቺ እኮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ…" አለ አያ ቁራ። ቃሉ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። ኩሊት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ድምቢጥ ላባዋን አራገፈችና እንዲህ አለችው።

"እውነትህን ነው፣ አያ ቁራ። አንተ ከሩቅ አገር መጥተህ መንገዱ አድክሞሃል፤ ዕረፍ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ለልጆችህ አንድ ትል ላምጣላቸው።"